እናቴ ከግሸን ባመጣችው ፎቶ ላይ የሚታየው ብርሃን ምንድን ነው?

የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ኮምቦልቻ የምኖር፣ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ስለ ፎቶግራፍ የሚያውቅ ሰው ምክር እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ቤታችን ውስጥ ቅያሜ ፈጥሯል።

እናቴ ባለፈው መስከረም 21 ለንግሡ ግሸን ደብረ ከርቤ ወጥታ ነበር። ሌሊቱን እንደ ሌላው ምዕመን አምባው ላይ አደረች። ማኅሌቱ ተቁሞ ሳለ በስልኳ ፎቶ አነሣች። ፎቶው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በጨለማ ውስጥ ይታያል። በስተግራ ዝቅ ብሎ ምሰሶ ላይ የበራ አምፖል አለ፤ ከአምፖሉም ነጭ ጨረር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጥቷል። በስተቀኝ ከጉልላቱ ከፍ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ብርሃን አለች፤ አተኩሮ ላያት ነጠላ የተከናነበች ሴት ትመስላለች። በየቦታው ክብ ክብ የሆኑ ፈዛዛ ነጫጭ ነገሮች ተበትነዋል።

እናቴ አረንጓዴዋን ብርሃን እመቤታችን ናት ብላ አምናለች። ክቦቹን መላእክት ናቸው ያለቻት ጎረቤታችን ናት። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ግን ፎቶውን ገና እንዳየ «ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ሐሰት ነው» አለ። እናቴ በኮምፒውተር ልትሠራ ቀርቶ የስልኳን ድምፅ ለመቀነስ እንኳ እኛን ትጠራለች። «የወለድኩት ልጅ ውሸታም አለኝ» ብላ ከዚያ ወዲህ ከእርሱ ጋር በወጉ አልተነጋገረችም።

በዚህም አላበቃም። ፎቶውን በቴሌግራም ለዘመድ ልካ ነበር። ቆይቶ አዲስ አበባ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ያንኑ ፎቶ መልሳ ለእኛ ላከችው። ከሥሩ የሌላ ደብር ስምና ሌላ ዓመት ተጽፎበታል፤ «ይህን ለሌሎች ያላስተላለፈ መቅሠፍት ያገኘዋል» የሚል ማስፈራሪያም ታክሎበታል። ጣሪያው፣ አምፖሉ፣ ጨረሩ አንድ ናቸው። እናቴ አይታ «ይህማ የእኔ ነው፤ ስሙን ማን ቀየረው?» ብላ ደነገጠች።

አሁን ፎቶውን ደሴ ወስጄ አሳድጌ፣ ክፈፍ አስገብቼ እንዳመጣላት ትፈልጋለች። የምትሰቅለው ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ነው። ብርሃኑ ምንድን ነው? እርሷ እንደምትለው ካልሆነስ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? እባካችሁ እናቴን መሳለቂያ አታድርጉብኝ።


ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ደሴ

ልጄ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። ሥራውን የጀመርሁት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም እያጠብሁ ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር እሠራለሁ። ፎቶውን ባላየውም ጥሩ አድርገህ ስለገለጽኸው ምን እንደሆነ ለመናገር አልቸገርም። እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ከንግሥ በኋላ ሁልጊዜ ይመጡልኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ወንድምህ እናቱን ይቅርታ ይጠይቅ። ማንም አልሠራውም። እናትህ ስልኳን አቀናች፣ ስልኩ የገባለትን ብርሃን መዘገበ፣ በቃ። «ሐሰት» የሚባለው አንድ ሰው ሊያታልል ሲያስብ ነው፤ እዚህ ያታለለ የለም።

አረንጓዴዋን እንውሰድ። የስልክ ካሜራ ሌንስ አንድ አይደለም፤ ትንንሽ ሌንሶች ተደራርበው የተቀመጡበት ነው። በጨለማ ብርቱ አምፖል ፊት ለፊት ሲገጥመው ከብርሃኑ ጥቂቱ በሌንሶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ተንጸባርቆ ሌላ ቦታ ያርፋል። ሌንሶቹ ነጸብራቅ እንዲቀንሱ የተቀቡት ሽፋን ስላለ ከዚያ ያመለጠው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በእኔ ቃል ብቻ አትመን፤ ራስህ ፈትነው። ከዳር ባልተቆረጠው ፎቶ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መሥመር አስምር። የሚቋረጡበት የፎቶው መሐል ነው። ከዚያ ከአምፖሉ ተነሥተህ መሐሉን የሚያልፍ መሥመር ሳብ። አረንጓዴዋ በዚያው መሥመር ላይ፣ ከመሐሉ ማዶ፣ አምፖሉ በራቀው ያህል ርቃ ከተገኘች የአምፖሉ ነጸብራቅ ናት። ነጠላ የተከናነበች ሴት የመሰለችውም አምፖሉ ከነመከለያው ተገልብጦ ስለታየ ይሆናል። ሌላም መንገድ አለ። እናትህ በዚያች ሌሊት ከአንድ በላይ ፎቶ አንሥታ ከሆነ አስተያይ፤ አምፖሉ ወደ ግራ በሄደ ቁጥር አረንጓዴዋ ወደ ቀኝ ትሸሻለች።

ወደ ላይ የወጣው ጨረር የጣት ቅባት ነው። ሌንስ በጣት ወይም በነጠላ ጫፍ ሲጠረግ ቅባቱ በቀጫጭን መሥመር ይቀራል። ወደ ጎን የተጠረገ እንደሆነ የመብራቱ ጨረር ወደ ላይና ወደ ታች ይረዝማል፤ ወደ ላይ የተጠረገ እንደሆነ ወደ ጎን። ሌሊቱን ጧፍ ይዞ ያደረ ሰው ጣት ላይ ሰም ቢኖር ምን ይገርማል?

ክቦቹ የፍላሽ ሥራ ናቸው። የስልክ ፍላሽ ከሌንሱ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ ከፊቱ በጣም ቀርቦ የሚንሳፈፍ አቧራ ወይም የጭጋግ ጠብታ ሲያገኝ ያበራዋል። ጠብታው ከመቅረቡ የተነሣ ጥርት ብሎ ሊታይ አይችልም፤ ሰፍቶ ክብ ይሆናል። መስከረም ላይ አምባ ለአምባ ጭጋግ ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ የሚረግጠው አቧራም አለ። ፍላሹ ቢጠፋ ክቦቹ ይጠፋሉ።

ይህ የዕቃው ጉዳይ ነው። አሁን የምጽፈው ግን ከዚህ ይልቅ ያሳስበኛል።

ሰው ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣው የነበረውን ለማየት ብቻ እንዳልሆነ ከሥራዬ ተምሬአለሁ። አንዲት ሴት የአባቷን ጉርድ ፎቶ ከድሮ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ነቅላ ታመጣለች። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ከዚያች ሌላ ፎቶ የለውም። የእናቷ ፎቶ ደግሞ ከዘመድ ሠርግ ላይ የተነሣ ነው። «አንድ ላይ አድርግልኝ፤ ለአባቴም ኮትና ከረባት አልብስልኝ» ትለኛለች። በፊልሙ ዘመን ሁለቱን ፎቶዎች በምላጭ ቆርጠን፣ አጣብቀን፣ እንደገና ፎቶ አንሥተን፣ የተጣበቀበትን በቀጭን ብሩሽ እናለሰልሰው ነበር። አሁን በኮምፒውተር ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል። የልጅ ልጆች ያድጉና «አያቶቻችን የተጋቡ ዕለት የተነሡት ነው» ይላሉ። ሁለቱ ሰዎች ግን ካሜራ ፊት አብረው ተቀምጠው አያውቁም፤ ኮቱም የማንም አይደለም።

ይህን ሥራ እሠራለሁ፤ ነገም እሠራዋለሁ። ያች ሴት የአባቷን ፊት በአንድ ግድግዳ ላይ ከእናቷ ጋር ማየት መፈለጓ ቅን ፍላጎት ነው። በለቅሶ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ በድንኳኑ ውስጥ ከፍ ተደርጎ ሲለቀስበት አይቻለሁ፤ ኮቱ የእርሱ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅም የለበትም። ነገር ግን አንድ ነገር ሳላደርግ ከቤቴ አይወጣም። በጀርባው እጽፋለሁ፦ የማንና የማን ፎቶ እንደሆነ፣ ከየት ከየት እንደተወሰደ፣ ደሴ ውስጥ በዚህ ዓመት እንደተጣመረ። አንዳንድ ደንበኛ «ጀርባው ንጹሕ ይሁንልኝ» ይለኛል። እኔም ጀርባውን ማንም አያየውም፣ ያየው ዕለት ግን እውነቱን ማግኘት አለበት ብዬ እጽፋለሁ።

በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጀምሮ ዊሊያም ሙምለር የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። የሞቱ ሰዎችን መንፈስ በፎቶ አሳያለሁ ይል ነበር። ያ ጦርነት ስንቱን ቤት ባዶ አድርጎ ስለነበር ደንበኛ አላጣም። ሐዘንተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፎቶው ሲወጣ ከጀርባው ነጭ ጥላ የመሰለ ፊት ይታያል፤ ሐዘንተኛው «ልጄ ነው» ወይም «ባሌ ነው» ብሎ ያለቅሳል። በዚያን ጊዜ ምስሉ የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነበር፤ አንድ መስታወት ላይ ሁለት ምስል ማሳረፍ ለሙያው ሰው ቀላል ነው። በኋላ ቦስተን ውስጥ ከ«መንፈሶቹ» አንዳንዶቹ በሕይወት ያሉ የከተማው ሰዎች መሆናቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1869 ኒው ዮርክ ውስጥ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ እንዴት እንደሠራው በማስረጃ ማሳየት ስላልተቻለ ተለቀቀ። የፕሬዚዳንት ሊንከን መበለትም ከዚያ በኋላ ሄደው ተነሡ፤ በፎቶው ላይ ባላቸው ከጀርባ ቆመው እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው ይታያሉ። ፎቶው እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ሰው ባሰብሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ሐዘናቸው እውነተኛ መሆኑ ነው። ደብዛዛውን ጥላ ልጄ ነው ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ፊቱን ይዘውት የመጡት ከቤታቸው ነው። እርሱ ያንን አውቆ ገንዘብ ተቀበለበት። በእናትህ ጉዳይ እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ከሥሩ የሌላ ደብር ስም ጽፎ ማስፈራሪያ የጨመረበት ነው። መቆጣት ካለባችሁ በዚያ ላይ ተቆጡ።

ፎቶውን አምጣው፣ አሳድግልሃለሁ። ብርሃኑ ነጸብራቅ መሆኑ እናትህ በዚያች ሌሊት ያገኘችውን በረከት አይነካውም፤ ፎቶው ስለ እርሱ ለመመስከር አቅም የለውም፣ ለመካድም እንደዚያው። የምፈራው እምነቷን ፎቶው ላይ ካሳረፈች፣ ነገ አንድ ጎረምሳ መሥመር አስምሮ ሲያሳያት እምነቷም አብሮ የተነካ እንዳይመስላት ነው።


መምህሩ፣ ደሴ

ባለ ፎቶ ቤቱ ያሉትን እደግፋለሁ። የከተማችንን ልጅ ታሪክ ልጨምር፤ ልጅ ኢያሱን።

ልጅ ኢያሱ ደሴ የተወለደ፣ በእናቱ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል መሐመድ አሊ ተብለው ያደጉ፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሡ የወሎ ሰው ናቸው፤ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ልጅ ኢያሱ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻር ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር። ጥምጣም ጠምጥሞ የሚታይበት ፎቶ አለ። ፎቶው ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ይህን ፎቶ በክፍል ውስጥ ሳሳይ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብለው ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ እውነተኛ ነው እንበል፤ ምን ያሳያል? አንድ ወጣት ጥምጣም ጠምጥሞ ያሳያል። ከሐረር፣ ከኦጋዴንና ከአፋር ሰዎች ጋር ወዳጅነት ሊመሠርት የሚፈልግ ገዥ የእነርሱን ልብስ ለበሰ ማለት ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነው? ወሎ ውስጥ አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ሆኖ በአንድ ገበታ በሚበላበት አገር ይህን መጠየቅ እንኳ ይከብዳል። ፎቶው ያሳየው ጨርቅ ነው። የልቡን ነገር የጨመሩት ፎቶውን ለመኳንንቱና ለካህናቱ የሚያሳዩት ሰዎች ናቸው። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ የስንት ሰው ደም ፈሰሰ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ጦርነቱን ፎቶ አመጣው አልልም፤ ሥልጣን ነው ያመጣው። ግን ሥልጣን ሊወስድ የሚፈልግ ሰው ፎቶ ለምን እንደሚፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የተማረ ሰው አይታለልም የሚል ካለ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1917 ኮቲንግሊ በምትባል መንደር ኤልሲና ፍራንሲስ የሚባሉ ሁለት የአክስት ልጆች ክንፍ ካላቸው ትንንሽ ፍጥረታት ጋር ፎቶ ተነሡ። የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል፣ ልጁን በሞት ያጣ፣ የተማረ ሐኪም፣ ፎቶዎቹን አምኖ እ.ኤ.አ. በ1920 በመጽሔት አሳተመ። ፍጥረታቱ ከወረቀት ተቆርጠው በኮፍያ መርፌ የቆሙ ነበሩ። ሴቶቹ ይህን ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1983 አርጅተው ነው። ከአምስቱ ፎቶዎች አንዱን ግን ፍራንሲስ እስከ መጨረሻው «እርሱስ እውነት ነው» ትል ነበር። ይህን ውሸት ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ደጋግሜ አስበዋለሁ።


ዘሐራ፣ ሆጤ

ወንድሜ፣ የእናትህን ነገር እንደ እናቴ ነገር አድርጌ አነበብኩት።

አያቴ በምትሰግድበት ክፍል ፎቶ አይሰቀልም ነበር። «ሥዕል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም» ትል ነበር። ፎቶዎቿን ሁሉ ከአልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ለዒድ ዘመድ ሲሰበሰብ ታወጣቸዋለች። ከእነዚያ መካከል እርሷና ክርስቲያን የሆነው ወንድሟ በልጅነታቸው አንድ ላይ የተነሡት አለ። ያው ፎቶ በወንድሟ ቤት ትልቅ ሆኖ ሳሎን ላይ ተሰቅሏል። የእርሷ ሻንጣ ውስጥ፣ የእርሱ ግድግዳ ላይ። ሁለቱም ያንን ፎቶ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ይሞላ ነበር። አያቴ ፎቶውን ደበቀችው የሚል ሰው ካለ አያቴን አላወቃትም፤ ከወርቋ ጋር አንድ ላይ ነበር የምታስቀምጠው።

ጋሼ ባለ ፎቶ ቤቱ የሰጡህ ምርመራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሥመር እያሰመርክ ወደ እናትህ አትሂድ። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቃት፦ ብርሃኑን እዚያ ሆና በዓይኗ አይታዋለች ወይስ በኋላ በፎቶው ላይ ነው ያገኘችው? እኔ ብሆን ከዚያ መልስ በፊት ምንም አልልም።


የ1966ቱ ተማሪ፣ ደሴ

ሁላችሁም ፎቶን ለመጠራጠር ቸኮላችሁ። እባካችሁ እኔንም ስሙኝ።

በ1965 እና በ1966 ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ ደሴ ተማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ዳር የተረፈረፈውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ብንናገር የሚሰማን አልነበረም። ሹማምንቱ የለም ይሉ ነበር። ነገሩ ሊካድ የማይቻለው ሥዕል ሆኖ በወጣ ጊዜ ነው። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ያን ጊዜ ሰማ። ያ ካሜራ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሰዎች እንዳልሞቱ ሆነው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ «ፎቶ ምንም አይመሰክርም» የሚል ንግግር ሲያስቆጣኝ አትፍረዱብኝ።

ሌላውንም አልክድም። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ያ ፊልም ተቆራርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የወሎ ረሃብተኛ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ከሚያሳይ ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ ታየ። ረሃቡ እውነት ነው። ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ መቀስ አገናኝቶ ፍርዱን የሰጠው ደርግ ነው። እኔ በፍርዱ ልስማማ እችላለሁ፤ ሥዕሉ ግን ያንን ፍርድ በራሱ አልተናገረም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ የኮረም ሥዕሎች ዓለምን ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ወሎ ማለት በውጭ ሰው ዓይን የተሰነጠቀ መሬትና አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን ሆነ። ልጄ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ገብታ «ከደሴ ነኝ» ስትል «በረሃ ውስጥ እንዴት ትኖሩ ነበር?» ተብላለች። ደሴን! የጦሳ ተራራ ራሱን በጭጋግ የሚጋርድባትን፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ የማይጠገብባትን ደሴን! እነዚያ ፎቶዎች ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ውሸቱ ሌላ ፎቶ አለመኖሩ ነው። የሞቱትም ስማቸው አልተጻፈም፤ «ረሃብተኛ» ተብለው ቀሩ፤ የየት ቀበሌ ሰው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም።


ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ደሴ

ጋሼ፣ ምንም አይመሰክርም አላልሁም፤ እርስዎ ያሉትን ግን ራሴን ነቅንቄ ተቀብያለሁ። የዚያ ዘመን ሰዎች ፎቶ ጀርባው ባዶ መሆኑ ለእኔም ያመኛል። አንድ ሰው ሲሞት ስሙን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ነበር፤ ካሜራ የያዘው ቢጠይቅ ኖሮ ይነገረው ነበር።


የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መሥመሩን አሰመርኩ። አረንጓዴዋ በትክክል በዚያው መሥመር ላይ ናት፤ ርቀቱም ያው ነው። ወንድሜም ኮምቦልቻ ላይ በዚያው ስልክ ማታ የመንገድ መብራት አንሥቶ ተመሳሳይ አረንጓዴ አገኘ። ይህን ለእናቴ ከማሳየቴ በፊት ግን እህቴ ዘሐራ እንዳለችኝ ጠየቅኋት።

በዓይኗ አላየችውም። ብርሃኑን ያገኘችው ጎረቤታችን ናት፤ በማግስቱ ፎቶውን አስፍታ ስታይ። እናቴ ግሸን የወጣችው ለስለት ነው። ታላቅ እህቴ ታማ በነበረ ጊዜ «ከዳነችልኝ እወጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር፤ እኛ ልጆቿ ይህን አናውቅም ነበር። እህቴ ድና ልጅ ወልዳለች። እናቴ ያንን ፎቶ ያነሣችው ስለቷን ባስገባችበት ሌሊት፣ እዚያ መድረሷን ለእህቴ ለማሳየት ነበር። ወንድሜ ይህን ሲሰማ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ታረቁ።

ከዚያ የነጸብራቁን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አምፖሉ ይሁን እንበል፤ እግዚአብሔር በአምፖል አይሠራም ያለህ ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ክቦቹን ግን አቧራ ናቸው ብላ ለጎረቤታችን ራሷ አስረድታለች። የንስሐ አባቷ ደግሞ ሥዕለ አድኅኖ በሜሮን የከበረ ነው፣ ፎቶውን ከእርሱ አጠገብ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስቀዪው ብለዋት ተስማምታለች። ሳሎን ይሰቀላል።

የተበተነውን መመለስ አልቻልንም። ለአጎቴ ልጅ እውነቱን ነግረናታል፤ እርሷ ለላኩላት ሰዎች ጻፈች፤ ከእነርሱ አንዱ «ተአምር ትክዳላችሁ?» ብሎ ሰድቧታል።

ጋሼ ባለ ፎቶ ቤቱ፣ በጀርባው ምን ይጻፍበት? እናቴ «ነጸብራቅ» የሚለው እንዲጻፍ አትፈልግም።


ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ደሴ

ያነሣችው እናትህ ናት፤ የሚጻፈውን እርሷ ትበል። ስሟ፣ የግሸን ስም፣ መስከረም 21 እና ዓመቱ፣ ለማን ስለት እንደሆነ፣ ይህ ይበቃል። እኔ ከሥሩ የምጨምረው አንድ መሥመር ነው፦ ምስሉ እንደተነሣ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልተቀነሰበትም። ይህን መጻፍ የምችለው ዋናውን ካየሁ ብቻ ስለሆነ በቴሌግራም አትላክልኝ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንና ሰዓትም ከውስጡ ይጠፋል። ስልኩን ራሱን ይዘህ ና፤ በገመድ እወስደዋለሁ። ሰኞ ገበያተኛ ስለሚበዛብኝ በሌላ ቀን ጠዋት ብትመጣ ይሻላል። እናትህም አብረው ከመጡ ክፈፉን ራሳቸው ይምረጡ።